ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስልክ ምሥጢር ነው። አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ የሊቃውንት ብቻ መስሎህ ገጹን አትለፈው።

ምስጠራ ማለት መልእክትን ቁልፉን ከያዘው በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መለወጥ ነው። በዋትሳፕ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቁልፉ የሚገኘው በተነጋጋሪዎቹ ስልክ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ቢወድም ባይወድም መልእክቱ ይመሰጠራል፤ ኩባንያው ራሱ ሊያነበው አይችልም። በአገራችን እጅግ የተለመደው ቴሌግራም ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ተራው መልእክት በመንገድ ሳለ ቢመሰጠርም፣ የሚቀመጠው በኩባንያው ማኅደር ስለ ሆነ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ከሁለቱ ሰዎች በቀር ሌላ እንዳያየው የፈለገ፣ ሚስጥራዊ የተባለውን ንግግር ራሱ ፈልጎ መክፈት አለበት። የክፍል ጓደኞቼን ብጠይቅ ይህን የሚያውቅ አንድ ብቻ አገኘሁ።

ባለፈው ዓመት በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ታመው፣ ስለ ሕመማቸው ለእናቴ በድምፅ ይልኩላት ነበር። እኔም ዐዋቂ ነኝ ብዬ፣ እርሷን ሳላማክር፣ ሚስጥራዊውን ከፍቼ በዚያ እንዲነጋገሩ አደረግሁ። አጎቴ በጥር ዐረፉ። በመጋቢት እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያው ሥር ስልኳን መንትፈው ሮጡ። በአዲስ ስልክ ቁጥሯን ብናስገባ ተራው መልእክት ሁሉ ተመለሰ፤ ሚስጥራዊው ግን በተጀመረበት ስልክ ብቻ የሚኖር ነውና አልተመለሰም።

«የወንድሜ ድምፅስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ታዲያ ምስጠራው ግዴታ ይሁን ወይስ ምርጫ? የማያውቅ ሰው መምረጥ አይችልምና መቆለፉ ግዴታ ቢሆን እወዳለሁ። ቅጂው ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለው ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ የልጁም አይደለም። ዋትሳፕ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የፈለገ ሰው የመልእክቱን ቅጂ በራሱ የይለፍ ቃል እንዲቆልፍ ፈቅዷል። ዳሩ ግን ስልኩም የይለፍ ቃሉም ከጠፉ ኩባንያውም ሊከፍተው አይችልም። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚይዙትን እንዲጠብቁት ያዛል፤ ለቤተ ሰብ ዐዋቂዎች ግን ምንም አላለ!

እናቴ አሁን ከእኅቷ ጋር የምትነጋገረው በዋትሳፕ ነው። ይህን ሁሉ አስረድቻት ቅጂው እንዲቆለፍ ራሷ መረጠች። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ አስቀምጣለች፤ የት እንደ ሆነ ግን ለእኔ አልነገረችኝም።