ስለ አሮጌ ፒክአፕ ካንዴላና የካንዴላ ገመድ አለዋወጥ

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናቀርብላችሁ ነገር ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው። ይኸውም የመኪና ካንዴላና ለካንዴላው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያደርስለት ገመድ ነው። ካንዴላ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ፥ ታችኛው ወገን ብረት፥ ላይኛው ወገን ነጭ ሸክላ የሆነ ዕቃ ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ዕቃና ገመዱ በደከሙ ጊዜ አንድን ቤተሰብ በመንገድ ላይ ሊያስቀሩት እንደሚችሉ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ያየሁትንና ከዚያ ወዲያ የተማርሁትን በየተራው ጽፌ ማቅረብ የሚጠቅም መስሎ ታየኝ።

በቤታችን ያለችው መኪና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ሞተሯም 22 አር የሚባለው፥ አራት ሲሊንደር ያለው፥ ይዘቱ 2,366 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፥ ቤንዚኑን በካርቡራቶር የሚቀበል ሞተር ነው። እንዲህ ያለች መኪና አሮጌ ብትሆንም የምትናቅ አይደለችም። ይልቁንም በ2016 ዓመተ ምሕረት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቈየት ለብዙ ሰው ግድ ሆኖበታል።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ክረምት፥ በነሐሴ ወር ነው። እናቴን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ይዣቸው ስመጣ፥ መኪናዪቱ እስከ ደጀን ድረስ በሜዳው ላይ ደኅና ትሄድ ነበር። አልፎ አልፎ እንደሚንተባተብ ሰው ድምፅዋ ቢቈራረጥም፥ ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስለ ለመድሁት ልብ አላልሁትም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት በጀመርን ጊዜ ግን ኃይልዋ ደከመ። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ዳገት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ መኪናዪቱ እየተርገፈገፈች ጥቂት ከሄደች በኋላ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ቆመች። ጊዜው መሽቶአል፤ ካፊያም ይወርዳል። እናቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጋቢናው ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ጧት ሐኪም ዘንድ መድረስ ነበረባቸው።

ከዚህ ጉዞ በፊት አንድ መካኒክ መኪናዪቱን አይቶ፥ ጥፋቱ የካርቡራቶሩ ነውና በአዲስ መለወጥ አለበት ብሎኝ ነበር። የጠየቀኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለ ሆነ ነገሩን ከወር ወደ ወር ሳስተላልፍ ቈየሁ። አሁን በጨለማው ውስጥ ቆሜ ያን ገንዘብ ተበድሬ እንኳ ባለመክፈሌ ራሴን እወቅስ ጀመር።

እንዲህ ሳለን አንድ በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና ሾፌር ቆመው ወረዱና፥ «ጌታዬ፥ ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ሞተሩንም ያስነሡ፤ መብራቱን ግን ያጥፉት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ያን ጊዜ በጨለማው ውስጥ ከካንዴላ ገመዶቹ በአንዱ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያለ ወደ ሞተሩ ብረት ሲዘል አየን። ሾፌሩም፥ «ካንዴላው የሚጠብቀው እሳት በመንገድ እየፈሰሰ ቀርቶአል» አሉ። ሞተሩን አስጠፍተው ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ የተሰነጠቀውንም ከጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቈረጠ ጥብጣብ ደጋግመው ጠቀለሉት፤ ብረት እንዳይነካም አርቀው አሰሩት። «ይህ ለዛሬ ሌሊት ብቻ ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኛም በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወጥተን በሌሊት አዲስ አበባ ገባን፤ እናቴም በሰዓታቸው ከሐኪሙ ዘንድ ደረሱ።

መኪናዪቱ በሜዳ ሄዳ በዳገት ለምን እንደ ደከመች የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባትሪው የሚሰጠው ኃይል 12 ቮልት ብቻ ነው። ይህ ኃይል ቦቢና ወይም ኮይል በሚባለው ዕቃ ሲያልፍ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሆናል። ዲስትሪቢውተሩም ተቀብሎ ለአራቱ ካንዴላዎች በገመዳቸው በኩል በየተራቸው ያድላቸዋል። በካንዴላው ጫፍ ጠባብ ክፍተት አለ፤ ኤሌክትሪኩ ያን ክፍተት ሲዘል የሚፈጠረው እሳት ቤንዚንና አየሩን ያቃጥላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፥ እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይህን ይፈጽማል። እንግዲህ በዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ስለሚበዛ፥ እሳቱ ክፍተቱን ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይሻል። ኤሌክትሪክ ደግሞ የሚቀልለውን መንገድ ይመርጣል። ገመዱ ተሰንጥቆ በዝናብ ከረጠበ፥ ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በስንጥቁ ወደ ብረቱ መሄድ ይቀልለዋል። ካንዴላው አርጅቶ ክፍተቱ የሰፋ እንደ ሆነም ችግሩ ይብሳል።

ሞተርን በኤሌክትሪክ እሳት ማሠራት የቈየ ጥበብ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ኤቲየን ሌኗር በፓሪስ በጋዝ በሚሠራው ሞተሩ ላይ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ይለኩስ ነበር። በ1902 ደግሞ በሽቱትጋርት በሮበርት ቦሽ የሥራ ቤት ጎትሎብ ሆኖልድ የሚባል መሐንዲስ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋራ አስማምቶ አወጣ። ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ የምናየው ካንዴላ ከዚያ እምብዛም የራቀ አይደለም። ስለዚህም ሥራው ትዕግሥት ላለው ሰው ሁሉ በቤቱ ግቢ ሊሠራ የሚቻል ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አስቀድሞ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሞተር ቴስታታ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ፥ በትኩሱ ካንዴላ የሚፈታ ሰው ጥርሱን ይልጠዋል፤ ይህም ከካንዴላ ዋጋ ጋራ የማይወዳደር ኪሣራ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ገመዶቹን በእጅ መንካት አይገባም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰውም ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ ከአጠገቡ መራቅ አለበት። የሚያስፈልጉትም መሣሪያዎች 21 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ፥ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት፥ ጥቂት ንጹሕ ጨርቅ፥ የጎማ መንፊያና ቁጥር የሚጻፍበት ወረቀት ናቸው።

ዋነኛው ሕግ ይህ ነው፤ አንዱን ካንዴላና ገመድ ለውጦ ሳይጨርሱ ሁለተኛውን አለመንካት። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ከራዲያቶሩ በኩል ጀምሮ 1፥ 2፥ 3፥ 4 ተብለው ይቈጠራሉ፤ እሳት የሚያገኙት ግን 1፥ 3፥ 4፥ 2 በሚለው ተራ ነው። አራቱን ገመዶች ባንድ ጊዜ የነቀለ ሰው ተራቸውን ያፋልሳል፤ ሞተሩም ወይ አይነሣም፥ ወይም እያስነጠሰ ይነሣል።

ገመዱን ሲነቅሉ ገመዱን ራሱን መጐተት አይገባም፤ በውስጡ ያለው ስስ አስተላላፊ ይበጠሳልና። ጫፉ ላይ ያለውን የላስቲክ ቆብ ይዞ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ካዞሩ በኋላ በቀጥታ መሳብ ነው። ከዚያም በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራና አሸዋ በመንፊያ አየር ማጥራት ይገባል፤ ካልሆነ ቆሻሻው ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል። ካንዴላው ከተፈታ በኋላም ሳይጠርጉት በወረቀቱ ላይ በቁጥሩ ማስቀመጥ ነው።

በዚህ ላይ አንባብያንን አጥብቄ የማሳስባቸው ነገር አለ። አሮጌውን ካንዴላ ፊቱን ሳያዩ አይጣሉት። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ምስክሮች አንድ በአንድ ተለያይተው የሚሰሙበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ አራቱ ካንዴላዎችም እንዲሁ ለየብቻቸው ሊመረመሩ ይገባል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሲሊንደሩ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቶአል፤ የአየር ማጣሪያውን ወይም ካርቡራቶሩን ማየት ነው። በዘይት ረጥቦ ከጠቈረ፥ ዘይት በፒስቶን ቀለበት ወይም በቫልቭ በኩል እያለፈ ነው። እጅግ ነጥቶ ወይም ቀልጦ ከተገኘ፥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በቤንዚን ብቻ የራሰ እንደ ሆነ፥ ቤንዚኑ መጥቶ እሳቱ አልመጣም ማለት ነው።

በእኛ መኪና 1ኛው፥ 2ኛውና 4ኛው ካንዴላ ቡናማ ሆነው ተገኙ፤ 3ኛው ግን በቤንዚን ርሶ ነበር። የተሰነጠቀውም ገመድ የ3ኛው ነው። ካርቡራቶሩ ለአራቱም ሲሊንደር የሚያድል አንድ ዕቃ ስለ ሆነ፥ በደለኛው እርሱ ቢሆን ኖሮ አንዱን ብቻ ለይቶ ባልጐዳ ነበር። ሊያስለውጠኝ የነበረው መካኒክ አንድ ካንዴላ እንኳ ሳይፈታ ፈርዶበት ነበር።

አዲሱ ካንዴላ ለሞተሩ የታዘዘው ቁጥር ያለው መሆን አለበት። ወደ ቦታው ከመግባቱ በፊት ክፍተቱ ይለካ፤ ለዚህ ሞተር 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ከተገኘ የውጪውን ጥምዝ ብረት ብቻ በዝግታ ማስተካከል እንጂ የመካከለኛውን መንካት አይገባም። በድንጋይ ላይ የወደቀ ካንዴላ ሸክላው በውስጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይጠቀሙበት። ሲያስገቡትም መጀመሪያ በመፍቻ ሳይሆን በጣት ማዞር ነው፤ እጅ የማይገባበት ከሆነ በሸክላው ራስ ላይ አጭር የላስቲክ ቱቦ ሰክቶ ማዞር ይቻላል። ጥርሱ ተጣምሞ ከገባ ቱቦው ይንሸራተታልና ጥፋቱ አስቀድሞ ይታወቃል። በጣት ዞሮ ከተቀመጠ በኋላ፥ ቀለበቱ አዲስ ከሆነ፥ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ማጥበቅ ይበቃል። የኃይል መለኪያ መፍቻ ያለው ሰው በ18 ኒውተን ሜትር ያጥብቀው።

አዲሱም ገመድ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋራ ተመዛዝኖ ይመረጥ። ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» ብሎ እስኪቀመጥ መገፋት አለበት። የጭስ መውጫውን ብረት እንዳይነካ፥ ገመዶቹም እርስ በርሳቸው እንዳይተሻሹ በመያዣቸው ውስጥ ይቀመጡ። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው አምስተኛ ገመድ እንዳይረሳ፤ የዲስትሪቢውተሩም ክዳን ተከፍቶ ስንጥቅ ወይም አረንጓዴ ዝገት እንደሌለበት ይታይ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው የእያንዳንዱን ገመድ መቋቋም ሲለካ ከ25 ኪሎ ኦም ሊበልጥ አይገባውም። ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ በጨለማ መመልከት ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ካልታየ ሥራው ተፈጽሞአል።

ተራ ካንዴላ እንደ ዓይነቱና እንደ አነዳዱ ከ30 እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፥ የተሄደውን ኪሎ ሜትርና የአራቱን ካንዴላዎች መልክ እጽፋለሁ። ልጆቼ ወረቀቱን ዘርግተው ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ካንዴላውን እየተቀበሉም በየቦታው ያኖራሉ።

በመስከረም መጨረሻ እናቴ ሕክምናቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው መለስኋቸው። ከደጀን ወዲህ ያለውን የዓባይን ዳገት ስንወጣ፥ መኪናዪቱ ከነጭነቷ በአንድ ድምፅ ወጣች። እናቴ ጥቂት አዳምጠው፥ «ዛሬስ አልተንተባተበችም» አሉኝ፤ ጋቢያቸውንም አስተካክለው እንቅልፍ ወሰዳቸው።