የጥርስ ብሩሽና አካባቢ፦ ከመፋቂያ እስከ ቀርከሃ

የጥርስ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ከሚጣሉ፣ ሲጣሉም ልብ ከማይባሉ የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። የጥርስ ሐኪሞች በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ እንዲለወጥ ስለሚመክሩ፣ ምክሩን የሚጠብቅ ሰው በዓመት ሦስት ወይም አራት ብሩሽ ይጥላል፤ ይህም በስድሳ ዓመት ከ180 እስከ 240 ይደርሳል። ባዶው የሳሙና ቱቦ፣ የማሸጊያው ካርቶንና ፕላስቲክ፣ የጥርስ ክሩና የአፍ መጉመጥመጫው ጠርሙስ በዚህ ላይ የሚታከሉ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ዕቃው ከተሠራበት ቁስ ይልቅ አጠቃቀሙና የሚያገለግልበት ዘመን ብዙ ጊዜ ይበልጥ ስለሚመዝኑ፣ የትኛው ዕቃ የበለጠ እንደሚጎዳ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ተራ የሚባለው የእጅ ብሩሽ ቢሰበርና ውስጡ ቢታይ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ቁስ ይገኝበታል። እጀታው የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል፣ በሙቀት ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከሚፈስ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። እጅ እንዳያንሸራትት የሚደረብበት ለስላሳ ክፍል ጎማ መሰል ሌላ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ፀጉሩ ደግሞ ናይለን ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ጭብጥ ከመካከሉ ታጥፎ ወደ ቀዳዳው ሲገባ፣ እንዳይወጣ ሰቅዞ የሚይዘው ከውጭ የማይታይ ትንሽ ቁራጭ ብረት ነው። ብሩሹ በአፍ ውስጥ እንዳይፈታ ያደረገው ይህ ጥብቅ አሠራር፣ ከተጣለ በኋላ ቁሶቹን ለያይቶ መልሶ ለመጠቀም አስቸጋሪ ያደረገውም ራሱ ነው።

የናይለን ብሩሽ ታሪክ መቶ ዓመት አልሞላውም። ፀጉር ያለው ብሩሽ በቻይና ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀ ነበር፤ በእንግሊዝም ዊሊያም አዲስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ከአጥንት እጀታና ከእንስሳት ፀጉር የተሠራ ብሩሽ በብዛት ማምረት እንደ ጀመረ ይነገራል። የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ያገኘው ናይለን እ.ኤ.አ. በ1938 በብሩሽ ላይ ሲውል ግን ርካሽ፣ ቶሎ የሚደርቅና እንደ እንስሳ ፀጉር ተህዋስያንን የማያቁር ብሩሽ ለሕዝብ ሁሉ ደረሰ። ለጤና ትልቅ እርምጃ የነበረው ይህ ለውጥ ይበሰብስ የነበረውን ዕቃ በማይበሰብስ ተካው።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚዞረው ቆራሌው ጀሪካን፣ የውኃ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት እየገዛ ይሰበስባል፤ የጥርስ ብሩሽ ግን አይገዛም፤ የማይገዛበትም ምክንያት ከላይ በተገለጸው አሠራር ውስጥ አለ። አንዱ ብሩሽ ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው፤ ቁሱ የተቀላቀለ ነው፤ ከሌላው ለመለየት የሚያስፈልገው ድካም ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። የሠለጠነ የቆሻሻ መለያ ማሽን ባላቸው አገሮችም ትንንሽ ዕቃዎች በወንፊቶቹ ቀዳዳ እየሾለኩ ከሚጣለው ጋር ይሄዳሉ። በከተማችን ለአሮጌ ብሩሽ ሁለተኛ ዕድሜ የሚሰጠው ሊስትሮ ነው፤ በእርሱ እጅ የጫማ ጠርዝ ማጠቢያና ቀለም መቀቢያ ሆኖ ከቀድሞው አገልግሎቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ከዚያ በኋላ መድረሻው ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ ወይም የወንዝ ዳር ነው። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በፌስታል ላይ እንጂ በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ዕቃዎች ላይ አላተኮረም፤ ከብዛቱ አንጻር ፌስታልን ማስቀደሙ ትክክል ነው።

የፕላስቲኩ ብሩሽ ምትክ ተብሎ በሰፊው የሚሸጠው እጀታው ከቀርከሃ የተሠራው ነው። ቀርከሃ ከሣር ወገን የሚመደብ፣ ከተቆረጠ በኋላ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ተክል በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ እጀታውም በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ይሁንና የአብዛኞቹ የቀርከሃ ብሩሾች ፀጉር አሁንም ናይለን ስለሆነ፣ እጀታውን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ከመጣል በፊት ፀጉሩን በጉጠት መንቀል ወይም ጭንቅላቱን ቆርጦ ማስቀረት ያስፈልጋል። አንዳንድ አምራቾች ከጉሎ ዘይት የተገኘ ናይለን ይጠቀማሉ፤ መነሻው ተክል መሆኑ እውነት ቢሆንም የተገኘው ነገር ናይለን ነውና ይበሰብሳል ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ሙሉ በሙሉ የሚበሰብሰው የአሳማ ፀጉር የተተከለበት ብሩሽ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ወደ አፍ የሚገባ አይደለም።

ብሩሾችን እርስ በርስ ለማወዳደር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ የሕይወት ዑደት ትንተና ይባላል። ይህም አንድ ዕቃ ጥሬ ዕቃው ከተገኘበት ጀምሮ በፋብሪካ፣ በማጓጓዣ፣ በአገልግሎትና በመጨረሻ ሲጣል የሚፈጀውን ኃይል፣ ውኃና መሬት፣ የሚለቀውንም ጋዝ ደምሮ የሚመዝን ስሌት ነው። በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅና የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ አራት ዓይነት ብሩሾችን ለአምስት ዓመት አገልግሎት አስልተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የጥርስ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የተወዳደሩት ተራው የፕላስቲክ ብሩሽ፣ የቀርከሃው፣ እጀታው ቀርቶ ጭንቅላቱ ብቻ የሚለወጠው የፕላስቲክ ብሩሽና የኤሌክትሪኩ ነበሩ። በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና ከቀርከሃው 11 እጥፍ ሆኖ የተገኘው የኤሌክትሪኩ ብሩሽ በሞተሩ፣ በባትሪውና በቻርጀሩ ምክንያት መጨረሻ ወጣ። በፊተኛው ረድፍ ላይ የቀርከሃውና ጭንቅላቱ የሚለወጠው ፕላስቲክ አብረው ተገኙ።

የዚህ ውጤት ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ የሚወገዘው ብሩሽ፣ እጀታው እስከቆየና የሚጣለው ክፍል እስካነሰ ድረስ ከቀርከሃው ጋር እኩል ሊቆም ይችላል፤ ቀርከሃውም ቢሆን የሚበቅልበት መሬት ለደን ወይም ለእርሻ ሊውል ይችል የነበረ በመሆኑ ነጻ አይደለም። የኤሌክትሪኩንም በጅምላ መኮነን ተገቢ አይሆንም፤ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለበት፣ በራሱ እጅ አጥርቶ ለመቦረሽ ለማይችል ሰው የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ቀርከሃን በተመለከተ ኢትዮጵያ የራሷ ድርሻ አላት። በአፍሪካ ካሉት የቀርከሃ ሀብቶች ትልቁ የሚገኘው በዚህች አገር ሲሆን፣ ከሁለቱ ዝርያዎች ደገኛው በአዊ፣ በሲዳማና በመሰሉት ከፍታዎች፣ ቆለኛውና ሰፊውን ቦታ የያዘው ደግሞ በዋናነት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይበቅላል። ከሁለቱም የቤት ዕቃ፣ አጥርና ቅርጫት ይሠራል። የብሩሽ እጀታ ማምረት ከዚህ የተለየ ትልቅ ምስጢር የለውም፤ የሚያስፈልገው ቀርከሃውን በሚገባ ማድረቅ፣ ሻጋታ እንዳያበቅል ማከምና እጀታውን ስንጥር እስከማያወጣ ድረስ ማለስለስ ነው።

የጥርስ ሳሙና ከብሩሹ የተለየ ችግር አለው፤ ቱቦው ቆሻሻ ሆኖ ሲቀር ሳሙናው በውኃ መውረጃው ይሄዳል። በሳሙናው ውስጥ ውኃ፣ ጥርስን የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት፣ እንዳይደርቅ የሚያደርግ እንደ ግሊሰሪን ያለ እርጥበት ያዥ፣ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገርና ፍሎራይድ ይገኛሉ። አንዳንድ አምራቾች ለመፈግፈጊያና ለጌጥ ብለው ማይክሮቢድ የሚባሉ ደቃቅ የፕላስቲክ እንክብሎችን ጨምረውበት ነበር፤ እነዚህ ከማጣሪያ ጣቢያ እያመለጡ ወደ ሐይቅና ወደ ባሕር ስለሚገቡ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የጥርስ ሳሙናን ጨምሮ ታጥበው ከሚወርዱ ምርቶች ውስጥ አስወጣቻቸው። ቱቦውም ለረጅም ጊዜ ስስ አሉሚኒየም በፕላስቲክ ንብርብሮች መካከል ተጣብቆ የሚሠራ በመሆኑ መልሶ ለመጠቀም አይመችም ነበር። ኮልጌት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የተሠራ ቱቦ አውጥቶ አሠራሩን ለሌሎችም ክፍት አድርጓል። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ቱቦውን የሚሰበስብ በሌለበት ከተማ አዲሱም ቱቦ እንደ አሮጌው ይጣላል።

ውኃ የሌለበት፣ በጥርስ ታኝኮ በእርጥብ ብሩሽ የሚቦረሽበት የሳሙና እንክብልም ወጥቷል። እንክብሉ በካርቶን ወይም በብርጭቆ ስለሚቀመጥ ቱቦ አያሻውም፤ ክብደቱም ስለሚያንስ ለማጓጓዝ ይቀላል። ገዢው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ምርቶች፣ በከሰል የሚዘጋጁትም ጭምር፣ ፍሎራይድ የሌለባቸው መሆኑን ነው። ፍሎራይድ የጥርስን የላይኛ ሽፋን የሚያጠነክርና መቦርቦርን የሚከላከል ማዕድን ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለበትን ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለምሳሌ በወንጂ የከርሰ ምድር ውኃው ራሱ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለበት የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ በዚያ የሚኖሩ ወላጆች ለልጆቻቸው ሳሙና ከመምረጣቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። በሌላው ቦታ ለአዋቂ የሚበቃው የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚታየው ሳሙና የሚጠቅመው ሻጩን ብቻ ነው።

ውኃው ብዙውን ጊዜ ይረሳል። በደቂቃ ስምንት ሊትር ያህል የሚያወርድ ቧንቧ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተከፍቶ ቢቀር 16 ሊትር ያልፋል፤ ጠዋትና ማታ ሲሆን ከ30 ሊትር ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በኩባያ ቀድቶ የሚቦርሽ ሰው በዚህ ረገድ ዘመናዊ መታጠቢያ ካለው ሰው እጅግ ይሻላል። ሐኪሞችም ቦርሸው ከተፉ በኋላ በብዙ ውኃ አለመጉመጥመጥን ይመክራሉ፤ ምክንያቱም ፍሎራይዱ በጥርሱ ላይ የሚቆየው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጥርሱን ሳይጠብቅ አካባቢን የሚጠብቅ ምርት ግን ኪሳራ ነው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስሌት፣ በዚያ አገር የመንግሥት የጥርስ ሕክምና ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የሚመጣው ከታካሚዎችና ከሠራተኞች ጉዞ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ምልልስ፣ መርፌ፣ ጓንትና መሙያ ይጠይቃል፤ መሙያው አማልጋም ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት አገሮች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱ የሚያስገድደውም ለዚህ ነው።

ፋብሪካም፣ ማሸጊያም፣ ውኃም የማይሻው የጥርስ መጠበቂያ መፋቂያ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ልጆች በጥቅል ይዘውት የሚዞሩት የወይራና የክትክታ ቀንበጥ፣ በአፋርና በሶማሌ ቆላዎች ሳልቫዶራ ፐርሲካ ከተባለው ቁጥቋጦ ሥር የሚቆረጠውና በሙስሊሞች ዘንድ ሚስዋክ የሚባለው ሁሉ አሠራሩ አንድ ነው። ቅርፊቱ ይላጣል፤ ጫፉ እየታኘከ ጭረቱ ሲበተን ብሩሽ ይሆናል፤ ሲያረጅ ጫፉ ተቆርጦ ሌላ ይታኘካል። በሳልቫዶራው ውስጥ ተህዋስያንን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው በምርምር ታይቷል። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናትም፣ የአጠቃቀም መመሪያ በትክክል ሲሰጥ መፋቂያው ቆሻሻን በማስለቀቅ ከብሩሽ እንደማያንስ አመልክቷል። በገልፍ አገሮች ገበያ ይኸው እንጨት ለየብቻው በፕላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ ማየት ግን ያስገርማል።

መፋቂያም ጉድለት አለው። በኃይል ከተፋቀበት ድድን ያሸሻል፤ ወደ ውስጠኛው የመንጋጋ ገጽ በቀላሉ አይደርስም፤ ከሳሙና የሚገኘውን ያህል ፍሎራይድም አይሰጥም። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለማገዶ፣ ለዕቃ ማጠኛና ለቤት ሥራም የሚፈለግ ዛፍ በመሆኑ፣ በተራቆተ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅለውና ተቆርጦ የሚያቆጠቁጠው ክትክታ ለመፋቂያ ቢመረጥ ይሻላል። መፋቂያ የለመደ ሰው ልማዱን የሚተውበት ምክንያት የለም፤ ቀን በመፋቂያው እየፋቀ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው ጥቂት ሳሙና ይቦርሽ፤ ብሩሹንም የሚለውጠው ፀጉሩ ሲንጋደድ ይሁን።