ሳቅና አቻ የለሹ ጀግና፦ በጃፓን ምናባዊ አኒሜ ላይ የተደረገ አጭር ምልከታ

የልቦለድን አላባውያን በማስተምርበት ክፍል ከዓመት ዓመት የምደግመው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፤ ግጭት የሚመጣጠኑ ኃይሎች ትግል ነው፣ ያለ ግጭት ደግሞ ታሪክ የለም የሚል። ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ጀግናው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም የሚያሸንፍ ከሆነስ?» ስትል ጠየቀችኝ። «እንዲህ ያለ ታሪክ ይሰለቻል» ብዬ አለፍኳት። በሚቀጥለው ሳምንት የጃፓን አኒሜ የሞላበት ፍላሽ ይዛልኝ መጣች። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

አኒሜ በጃፓን የሚሠራ የሥዕል ፊልም ነው። ከዘርፎቹ አንዱ ድግምት፣ ዘንዶና ሰይፍ በሞሉበት ምናባዊ ዓለም ይቼታል፤ በዚህ ዘርፍ በጉልበትም በጥበብም አቻ የማይገኝለት ጀግና በብዛት ይታያል። በተለመደው አነጋገር እንዲህ ያለው ገፀ ባሕርይ ልብ ሰቀላን ይገድላል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃልና። የእኔ መከራከሪያ ግን ግጭቱ ከጦር ሜዳው ወጥቶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል፣ ሳቁም የሚፈልቀው ከዚያ ነው የሚል ነው።

ለመነሻ ያህል «ስሌየርስ»ን እንመልከት። የሐጂሜ ካንዛካን ልቦለዶች መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 በቴሌቪዥን መታየት የጀመረ ሥራ ነው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ሊና ኢንቨርስ ወጣት ጠንቋይ ስትሆን፣ ከታወቁት ድግምቶቿ አንዱ ጠላቷን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል። ሽፍታ እሷን አይዘርፍም፤ እሷ ናት ሽፍታን የምትዘርፈው። ጎሪ የተባለው ሰይፈኛ መጀመሪያ ሲያገኛት ሽፍቶች ከበዋታል፤ ምስኪን ልጅ መስላው ሊያድናት ዘሎ ይገባል። በዚህ ትዕይንት የሚያስቀን ውጊያው አይደለም፤ ማዳን ለማያስፈልጋት ሰው የቀረበው ማዳን ነው። ከዚያ በኋላም የሊና ችግር ረኀቧ፣ ቁጡነቷና ገንዘብ ወዳድነቷ ነው። ድግምቷ አንዱንም አይፈታላትም፤ እንዲያውም ያብስባታል።

ሳይታማም እንዲሁ ነው። «ዋን ፓንች ማን» (እ.ኤ.አ. 2015) የሚካሄደው በሰይፍና በዘንዶ ዓለም ሳይሆን በዘመናዊ ከተማ ስለሆነ ከርእሴ ትንሽ ያፈነገጣል፤ ግን ልተወው አልቻልኩም። ማንኛውንም ጭራቅ በአንድ ቡጢ የሚጥለው ይህ ሰው አንዲት የወባ ትንኝ መትቶ መግደል ያቅተዋል፤ የሱቅ ቅናሽ ያመልጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሰለቸዋል። ተማሪዬን «ይሰለቻል» ብያት ነበር። ደራሲው ያንኑ መሰልቸት ከተመልካቹ ላይ አንሥቶ ለጀግናው ሸክም አድርጎ ሰጥቶታል። ይህን ካየሁ በኋላ ከዐረፍተ ነገሬ ውስጥ «የሚመጣጠኑ» የሚለውን ቃል ሰረዝኩት።

ይበልጥ ያቆየኝ ግን «ኦቨርሎርድ» ነው። ከኩጋኔ ማሩያማ ልቦለዶች የተወሰደ ሲሆን አኒሜው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አንድ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ለዓመታት የተጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ በሚዘጋበት ሌሊት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቆያል። ጨዋታው ግን ሳይዘጋ ይቀርና ሰውየው በተጫዋችነት ገላው፣ ማለትም በአጽም ጠንቋይ አካል፣ በማያውቀው ዓለም ውስጥ ራሱን ያገኛል። በጨዋታው ውስጥ የነበሩት አሽከሮች ነፍስ ዘርተው ይሰግዱለታል። የሚፈራው ጠላት የለም ማለት ይቻላል። የሚፈራው እነዚህን አሽከሮች ነው፤ ተራ ሰው መሆኑን ያወቁበት ቀን ምን ይውጠው ይሆን?

ምፀቱ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። አጽም ፊት የለውምና ፍርሃቱ አይነበብበትም፤ የውስጡን ድምፅ የምንሰማው እኛ ብቻ ነን። አንድ ሌሊት በከዋክብት ውበት ተደንቆ ዓለምን መግዛት ደስ ሳይል አይቀርም ዓይነት ነገር ቢናገር፣ ዴሚዮርጅ የተባለው ብልህ አገልጋይ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ጌታው ራሱ ያላሰበውን «ረቂቅ ዕቅድ» አገልጋዩ ሲያደንቅ፣ ጌታው ገብቶት እንደሆነ ሁሉ ለሌሎቹ አስረዳቸው ይለዋል። በተረቶቻችን ብዙውን ጊዜ የሚያስቀን ጉልበተኛውን የሚያታልለው ደካማ ነው። እዚህ ጉልበተኛውም አታላዩም አንድ ሰው ነው። ስሜቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የአጽሙ አካል በድንገት ያበርደዋል፤ መደንገጥ እንኳ በወጉ አይሆንለትም። ይህን እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አርስቶትል በሥነ ግጥም ድርሳኑ የሚያስቅ ጉድለት ሥቃይና ጥፋት የማያስከትል ነው ይላል። ሊና መንደር ስታፈርስ ይህ ሕግ ይጠበቃል፤ ጉዳቱ ለቀልድ ያህል ስለሚታይ ጥላሸት ለብሶ ከሚቆጣ ሰው በላይ አናይም። «ኦቨርሎርድ» ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በታየው ሦስተኛ ምዕራፉ ሕጉን ሆን ብሎ ይጥሰዋል። ጀግናው በአንድ ድግምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን በቆሙበት ይገድላል፤ ከሬሳቸውም አምስት ግዙፍ አውሬዎች ይፈጠራሉ። እንደ ፍየል ግልገል እየጮኹ የተረፈውን ሠራዊት ይረግጡታል። እሱ ግን አምስት በአንድ ጊዜ ማስገኘቱ ክብረ ወሰን ነው ብሎ እንደ ጨዋታ ነጥብ ይደሰታል።

ቀልዱ ያው ነው፤ የቢሮ ሠራተኛው የዋህነት፣ በውጭና በውስጥ ያለው ክፍተት፣ የበረደው ስሜት፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ካሜራው ግን በዚህ ጊዜ ከሚረገጡት ጋር መሬት ላይ ወርዷል። የቀደሙትን ክፍሎች ወደ ኋላ ተመልሼ ሳይ፣ ስሥቅበት የነበረው የስሜት መብረድ ያኔም ስለ ሰው ሞት ምንም እንዳይሰማው አድርጎት ኖሯል። አሳቀኝና አላስተዋልኩትም።

ፍላሹን ስመልስላት ተማሪዬን እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት። «እኔ ዝም አልኩ፣ መምህር» አለችኝ። «አብሮኝ ያየው ወንድሜ ግን እስከ መጨረሻው ይስቅ ነበር።»