መድኃኒቱን የሚያከሽፈው ጥገና

ዛሬ የማወጋችሁ ከራሴ ቤት ስለተነሳ ጥያቄ ነው።

አክስቴ የማህፀን በር ካንሰር ታማ ሲስፕላቲን የተባለ መድኃኒት ከጨረር ህክምና ጋር ተሰጣት። እብጠቱ ሟሸሸ፤ እኛም ተመስገን አልን። ከዓመት በኋላ ግን አገረሸ። ያው መድኃኒት ቢደገምላትም ጠብ ያለ ነገር የለም። ጎረቤት ደግሞ ወሬ አያጣም፤ "መድኃኒቱን አቋርጣ ነው" ተባለ። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ አንድም ቀጠሮ አላለፋትም። ታዲያ ለምን? ሐኪሟን ጠየቅኳቸው።

"በባዮሎጂ ክፍል የተማርከውን ዲ.ኤን.ኤ አስታውስ" አሉኝ። የፀሐይ ጨረር፣ የሲጋራ ጢስ፣ በህዋሱ ውስጥ የሚፈጠሩ ኬሚካሎች ሳይቀሩ ዲ.ኤን.ኤያችንን በየቀኑ ይጎዱታል። ደግነቱ ጠጋኝ ፕሮቲኖች አሉን፤ አንዱ የተበላሸውን ቆርጦ ያወጣል፣ ሌላው በትክክለኛው ይተካል። የጥገናውን አሠራር የገለጡት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪች እና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሲስፕላቲን የካንሰር ህዋስን የሚገድለው የዲ.ኤን.ኤውን ክፍሎች እርስ በርስ በማጣበቅ ነው። የተጣበቀው ሊገለበጥ ስለማይችል ህዋሱ ይሞታል። ነገር ግን በአንድ እብጠት ውስጥ ያሉ ህዋሶች ሁሉ እኩል አይደሉም። ጥገናው የበረታላቸው አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ኢ.አር.ሲ.ሲ.1 የተባለው ፕሮቲን ከአጋሩ ጋር ሆኖ የተጣበቀውን ቆርጦ ያነሳል። ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። እኛን የሚጠብቀን ጥገና ካንሰሩንም ጠበቀው ማለት ነው! መድኃኒቱን ከህዋሱ ውስጥ ገፍተው የሚያስወጡ ህዋሶችም አሉ።

ሳይንቲስቶችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቢ.አር.ሲ.ኤ የተባሉት ጂኖች በመበላሸታቸው አንድ የጥገና መንገድ የተዘጋባቸው ካንሰሮች አሉ። ኦላፓሪብ የተባለው ኪኒን ሌላውን መንገድ ይዘጋባቸዋል፤ እ.ኤ.አ በ2014 በአሜሪካና በአውሮፓ ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቅዷል። ሆኖም አንዳንድ ካንሰሮች የተበላሸውን ጂን ራሱን መልሰው እንደሚያስተካክሉ እ.ኤ.አ በ2008 ታይቷል። ትግሉ አላበቃም።

አክስቴን አጣናት። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒትን ማቋረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ስለሚከፍት፣ ሰው ካንሰርንም እንደዚያው ያስባል። ካንሰር ግን አንድም ቀን ሳይቋረጥ መድኃኒት ሊላመድ ይችላል።

ከእኛ የሚጠበቀው ቀድሞ መገኘት ነው። የዚህ ካንሰር ዋና መንስኤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤች.ፒ.ቪ ቫይረስ ነው፤ ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ለካንሰሩ ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ነው። ክትባቱ በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው። እህቶቼ፣ ተከተቡ! እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁንም ለቅድመ ምርመራ ቀስቅሱ። መድኃኒት አልሠራለት ያለ በሽተኛ ስታዩ ደግሞ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት አንዴ ጠይቁ።