ሙያና ያገለገለ ዕቃ መለዋወጫ መተግበሪያ እንዴት ይነደፋል?

ገበሬው ወንፈል ሲገባ መዝገብ አይዝም። ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረመ ነገ ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሳይመጣ የቀረ ሰው ቢኖርም የሚያስታውሰው ጎረቤት አይጠፋም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ሲያርሱም እንዲሁ ነው። በከተማ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጠው ልዋጭ በየሰፈሩ እየጮኸ ሲያልፍ እንሰማለን። እንግዲህ ሙያን በሙያ፣ ዕቃን በዕቃ መለወጥ ለአንባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ይህንኑ ልማድ እርስ በርስ በደንብ ለማይተዋወቁ የከተማ ሰዎች በእጅ ስልክ መተግበሪያ ለማቅረብ ቢፈለግ በምን ላይ ማሰብ እንደሚያስፈልግ ነው።

ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ሲጀምሩ ስለ ስክሪኑ ቀለምና ስለ ሥዕሉ መጨነቅ ይቀናቸዋል። የሥራው ዋና ክፍል ግን እሱ አይደለም። መተግበሪያው መተካት ያለበት ያንን የማይረሳውን ጎረቤት ነው፤ ይኸውም ማን ለማን ምን እንደሠራ የሚያስታውሰውን።

በቅድሚያ ዕቃን እንውሰድ። ሀ የፊዚክስ መጽሐፍ አላት፣ የምትፈልገው ሹራብ ነው። ሹራብ ያለው ለ የሚፈልገው የከሰል ምድጃ ነው። ምድጃ ያላት ሐ ደግሞ ለልጇ የፊዚክስ መጽሐፍ ትፈልጋለች። ሁለት ሁለት ሆነው ቢገናኙ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በሰሌዳ ላይ ሦስት ነጥቦች አድርገን፣ ከእያንዳንዱ ሰው ዕቃውን ወደሚፈልግለት ሰው ቀስት ብንስል ግን ቀስቱ ዞሮ ይገጥማል። ኮምፒውተሩ እንዲሠራ የሚታዘዘው ይህንኑ ነው፤ ገጣሚ ዙር መፈለግ። አራት ወይም አምስት ሰው ያለበትን ዙር ማግኘት ለማሽኑ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ከአምስቱ አንዱ ቢቀር ልውውጡ በሙሉ ስለሚፈርስ፣ እኛ ከሦስት ባይበልጥ እንመርጣለን።

ሙያ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የዛሬ ሥራ የሚመለሰው ከወር በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው በኩል ሊሆን ስለሚችል ሒሳብ መያዝ የግድ ነው። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክል ሊንተን በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያስጀመረው ዘዴ ነው። እያንዳንዱ አባል ከዜሮ ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል አንድ መምህር ለአንዲት ተማሪ ሁለት ሰዓት ሒሳብ ቢያስጠና እሱ +2፣ የተማሪዋ እናት −2 ይሆናሉ። እናትየው በተራዋ ለቧንቧ ሠራተኛው ሦስት ሰዓት ልብስ ብትሰፋለት እሷ +1፣ እሱ −3 ይሆናሉ። አሁን መዝገቡ ሲደመር 2+1−3=0 ነው። ምንጊዜም ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ባለ −3 መሆን ጥፋት አለመሆኑን ነው። ማንም ካልተበደረ ማንም ሊያበድር አይችልም። ነገር ግን ቧንቧ ሠራተኛው በ−3 እንዳለ ሰፈር ቢቀይርና ባይመለስ፣ መምህሩና እናትየው በእጃቸው ያለውን ሰዓት ከማን ይቀበላሉ? ኪሳራው የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበሩ በሙሉ ይሆናል። ስለዚህ ወሰን ያስፈልጋል፤ አዲስ አባል ከ−3፣ የቆየ አባል ከ−10 እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል። ወሰኑን መወሰን ያለባቸው አባላቱ በስብሰባ እንጂ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን አይደለም።

ወሰኑ ከመጠን በላይ ቢጠብቅስ? በዋሽንግተን ከተማ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 150 ያህል ባልና ሚስቶች ልጅ በመጠበቅ የሚረዳዱበት ማኅበር ነበራቸው። ለግማሽ ሰዓት ጥበቃ አንድ ኩፖን ይከፈል ነበር። ሁሉም ለክፉ ቀን ኩፖን ማጠራቀም ስለፈለገ ከቤት የሚወጣ ሰው አነሰ፤ የሚወጣ ሲያንስ ልጅ ጠብቆ ኩፖን የማግኘት ዕድልም ጠፋ። በደንብ ለማስገደድ ቢሞከርም አልረዳም፤ ተጨማሪ ኩፖን ሲታተም ግን ሥራው ነፍስ ዘራ። ኋላም ኩፖኑ ሲበዛ ሌላ ችግር መጣ። ሁለት ስዊኒ የተባሉ ባልና ሚስት ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ስለጻፉት እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። የኢኮኖሚክስ መምህር የዋጋ ንረትንና የገበያ መቀዝቀዝን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘቱን እንጠራጠራለን።

የመምህሩና የልብስ ሰፊዋ ሰዓት እኩል ነውን? በጃፓን ሚዙሺማ ቴሩኮ እ.ኤ.አ. በ1973 በኦሳካ የሥራ ባንክ ስታቋቁም፣ በአሜሪካም ኤድጋር ካን በ1980ዎቹ የሰዓት ባንክን ሲያስፋፋ መለኪያቸው ሰዓት ነበር፤ ካን በተለይ የማንም ሰው ሰዓት ከሌላው አይበልጥም ይል ነበር። ሊንተን ግን ዋጋውን ለተስማሚዎቹ ተወው። እኛ እኩል በሚለው መጀመርን እንደግፋለን፤ ክርክር ሲበዛ ሥራው ሳይጀመር ያበቃልና። ምስማር፣ ክርና ቀለም ግን በገንዘብ ይከፈል።

ገንዘብ ካነሣን አይቀር ከጎረቤታችን ከኬንያ የምንማረው አለ። በሞምባሳ፣ ባንግላዴሽ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላ ፔሳ የሚባል የመለዋወጫ ወረቀት አወጡ። መሥራቹና ጥቂት አባላት ሐሰተኛ ገንዘብ በመሥራት ተጠርጥረው ተይዘው ነበር፤ ክሱ በዚያው ዓመት ተነሣላቸው። ስለዚህ መለኪያችን ሰዓት ሆኖ በስምም በመልክም ከብር ጋር ባይመሳሰል ይመረጣል። ያ ሥራ ኋላ ሳራፉ በሚል ስም ወደ ስልክ ተዛወረ፤ በኮከብ ምልክት ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቀውን ቁጥር በመደወል ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰውም ያለ ኢንተርኔት እንዲጠቀምበት ተደረገ። የእኛም ንድፍ ይህን መንገድ ካልያዘ ልዋጩን የምትጠብቀዋን እናት አይደርስም።

ስለ መተማመን ትንሽ እንበል። የውጭ መተግበሪያዎች ሰውን በአምስት ኮከብ ያስመዝናሉ። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ፤ ጎረቤቱን ሁለት ኮከብ የሚሰጥ ስንቱ ነው? ሁሉም አምስት ይሰጥና ኮከቡ ትርጉም ያጣል። ከዚህ ይልቅ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ የተጨበጠ ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ በቀጠሮው ሰዓት መጡ? ምድጃው የተባለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ? አዲስ አባልም ሁለት ነባር አባላት ዋስ ሲሆኑለት ይግባ። የስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ አይታይ። ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ልውውጡ በትምህርት ቤት ግቢ፣ መምህር ባለበት ይፈጸም እንጂ ብቻቸውን ወደማያውቁት ቤት አይሂዱ።

አንድ መስመር ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት ሁሉንም ነገር በደብተር ለአንድ ወር መሞከር ይቻላል። ቀን፣ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ሰዓት፣ የሁለቱ ፊርማ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ድምሩ ዜሮ መሆኑን ተማሪዎች ያረጋግጡ። ከዚህ ሌላ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ፣ «ምን መስጠት እችላለሁ» እና «ምን እፈልጋለሁ» የሚሉ። የሰዓት ባንክ የሠሩ ሰዎች ደጋግመው እንደታዘቡት የመጀመሪያው ዓምድ በቶሎ ይሞላል፤ ሁለተኛው ባዶ ይቀራል፤ ሰው እርዱኝ ማለት ያፍራልና። ስለዚህ መተግበሪያው ሲከፈት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያስፈልግዎታል?» ብሎ ይሁን፤ ያ ሳይሞላ ወደ ሁለተኛው ገጽ አያሳልፍ።