የአሮጌ ቤት ጌጠኛ ጡብ እንዴት ይተካል?

በእንግሊዝ ከተሞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረፉ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ፊታቸው በጡብ ያጌጠ ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለው ቅስት፣ በፎቆቹ መካከል የሚያልፈው መቀነት፣ ከጣሪያው ሥር የተደረደረው ጥርስ መሳይ ረድፍ፣ አበባ የወጣበት ቁራጭ ሁሉ የሸክላ ሥራ ነው። በጡብ ላይ ከ1784 ጀምሮ ይከፈል የነበረው ቀረጥ በ1850 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ባቡርም ከባድ ጭነት ሩቅ ማድረስ በመቻሉ ፋብሪካዎች ጌጡን በካታሎግ ይሸጡ ጀመር፤ መጠነኛ ገቢ ያለው ሰውም ባለ አበባ ቤት ተከራየ። ከእነዚያ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ስለዚህ አንዱ ሲሰበር ተተኪው ሱቅ ሄደው የሚገዙት ዕቃ አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ተሰበረ ነው። ቤቶቹ የተገነቡት በኖራ ቡኬት፣ ማለትም ጡብን ከጡብ በሚያያይዝ የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ነው። ኖራ ለስላሳና እርጥበት የሚያሳልፍ በመሆኑ ግድግዳው የጠጣው ዝናብ በመጋጠሚያው በኩል ይተናል። ኋላ የመጡ ግንበኞች መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሲደፍኑት ውሃው በጡቡ ፊት በኩል መውጫ ይፈልጋል። በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ይዞት የመጣው ጨውም ከገጹ ሥር ይጠጥራል። በመጨረሻ እቶን ያጠነከረው ውጫዊ ቆዳ ይላጣል። ተራ ጡብ ከሆነ ነቅሎ ጤነኛ ጀርባውን ወደ ውጭ ማዞር ይቻላል። ጌጠኛው ግን ሌላ ፊት የለውም።

ቀጥሎ ልክ ይመጣል። አገሪቱ ወደ ሜትር ልኬት ከተሻገረች ወዲህ የመደበኛ ጡብ ከፍታ 65 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ 73 ገደማ ናቸው። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከንቱ ይመስላል። በአምስት ረድፍ ግን 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መቀነቱም ከጎኑ ካለው ጋር አይገጥምም።

ቀለሙ የአፈሩና የእሳቱ ውጤት ነው። ብረት ያለው ሸክላ አየር በሚገባ በሚያገኝ እቶን ይቀላል፤ በከፍተኛ ሙቀት አየር ሲነፈገው የስታፎርድሺር ጡብ የሚታወቅበትን ጥቁር ሰማያዊ ይይዛል። የለንደን ጡብ ቢጫነት አፈሩ ውስጥ ካለው ኖራማ ድንጋይ ነው። በድሮው የከሰል እቶን አንድ አፈር እንኳ እንደ ተቀመጠበት ቦታ መልኩን ይለዋውጥ ነበር፤ አንድ ወጥ የሆነው የዛሬ ጡብ ከአሮጌው መሐል እንደ እድፍ ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከፈረሱ ቤቶች የተነቀለ ጡብ የሚሸጥባቸው ግቢዎች አሉ። ኖራ ከጡብ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሲሚንቶ ግን ጡቡን ይዞ ይሰበራል። በዚህ ምክንያት ከግቢዎቹ የሚገኘው በአብዛኛው በኖራ ከተሠሩ አሮጌ ቤቶች የመጣ ነው። ገዢ መጠንቀቅ ያለበት በክምሩ ውስጥ ለውስጠኛ ግድግዳ የተሠራ፣ በደንብ ያልበሰለ ጡብ ስለሚቀላቀል ነው፤ እሱ ውጭ ከዋለ ውርጭ ይበላዋል።

እዚያ ካልተገኘ በልክ ማሠራት ይቀራል። ሸክላ ሲደርቅና ሲቃጠል ይኮማተራል። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ 10 በመቶ ነው ብንል 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው አበባ ላይ ጀሶ አፍስሰው ያወጡት ቅርጽ 90 ብቻ የሆነ አበባ ይወልዳል። ባለሙያው ስለዚህ አበባውን 111 ሚሊ ሜትር አድርጎ እንደ አዲስ ይቀርጻል፤ ቅርጽ ማውጫው የሚሠራው ከዚያ ነው። ውዱም ይኸው ሥራ ነው፤ ለአንድ አበባ ሲሆን ከጡቡ ዋጋ ይበልጣል። ደግነቱ ቤቶቹ በተርታ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ያው አበባ ጎረቤት ግድግዳ ላይም ይገኛል፤ በጋራ የሚያዝዙ ሰዎች ወጪውን ይካፈላሉ።

ጡቡ ከመታዘዙ በፊት ግን ሲሚንቶው በመሮና በመዶሻ ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ግራይንደር የጡቡን ጠርዝ ይበላል። በምትኩ ኖራ ካልተሞላ አዲሱም እንደ ቀድሞው ይላጣል። ይህ ሁሉ ሲታይ ጫፉ ብቻ የተሸረፈ አበባ ባለበት ቢቀር ይሻላል፤ እሱን ለመንቀል የሚመታው መዶሻ አጠገቡ ያሉትን ጤነኞች ሊሰነጥቅ ይችላል።