ግድግዳው መስኮት የሆነ ቤተ ክርስቲያን

«ኖትር ዳም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በ2019 እሳት የበላውን የፓሪሱን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቃሉ ግን የአንድ ሕንፃ ስም አይደለም። ፈረንሳዮች ኖትር ዳም የሚሉት እኛ «እመቤታችን» የምንለውን ነው፤ በስሟ የታነፁ ካቴድራሎችም በአገራቸው ብዙ ናቸው፦ ራንስ፣ አምየን፣ ሩዋን፣ ሻርትር። ከነዚህ አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ለገጠመው ሰው ሻርትርን እመክራለሁ። ጎቲክ የሚባለው አሠራር ምን እንደሆነ ከሱ አጥርቶ የሚያስረዳ ሕንፃ አላውቅም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሻርትር ከፓሪስ በስተደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ያደርሳል። ዙሪያዋን ያለው ቦስ የሚባል የስንዴ አገር ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ከተማዋ ገና ሳትታይ ሁለቱ የካቴድራሉ ማማዎች ከአዝመራው በላይ ብቅ ይላሉ። ማማዎቹ መንትያ አይደሉም። የደቡቡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ 105 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ነው። የሰሜኑን ጫፍ በ1506 መብረቅ ስላቃጠለው ዣን ደ ቦስ የተባለ ባለሙያ በራሱ ዘመን ስልት እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ አዲስ ጫፍ ሠራለት፤ 113 ሜትር ያህል ይደርሳል። ለኔ ዓይን የደቡቡ ይበልጣል። ከአራት ማዕዘን ወደ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያም ወደ ሹል ጫፍ ሲያልፍ መጋጠሚያው የት እንደሆነ ተፈልጎ አይገኝም።

ካቴድራሉ የቆመው በእሳት አመድ ላይ ነው። በ1194 ጁን ወር የተነሳ ቃጠሎ ከተማዋን አወደመ፤ ከቀድሞው ቤተ ክርስቲያንም በዋናነት የተረፈው በምዕራብ ያለው መግቢያና ከምድር በታች ያለው ክፍል ነበር። ሕዝቡን ይበልጥ ያስለቀሰው እመቤታችን ለብሳዋለች ተብሎ የሚታመነው ቀሚስ ተቃጠለ መባሉ ነው። ቀሚሱን ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው በ876 ንጉሥ ሻርል መላጣው እንደሆነ ይነገራል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ካህናቱ ቅዱሱን ልብስ ይዘው ከሦስት ቀን በኋላ ከምድር ቤቱ በሰላም ወጡ፤ ሕዝቡም እመቤታችን የተሻለ ቤት ፈልጋ ነው ብሎ ተነሣ። ዋናው ሕንፃ በ30 ዓመት ገደማ ውስጥ ቆመ። ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ ፈጣን ነበር። ቅዳሴ ቤቱ በ1260 ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በተገኙበት ተከበረ። የሻርትር ግንበኞች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ወደ ሰማይ ሲወጡ፣ በዚያው ዘመን ላስታ ላይ የላሊበላ ጠራቢዎች ከአለቱ እየቀነሱ ወደ ምድር ይወርዱ ነበር።

የሕንፃውን ምስጢር ለመረዳት ወዲያው ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ አስቀድሞ በውጭ መዞር ይሻላል። የድንጋይ ጣሪያ ሁለት ጠባይ አለው። ወደ ታች ይጫናል፤ ወደ ጎንም ይገፋል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። የቀደሙት ግንበኞች ይህን ግፊት የሚመክቱት ግድግዳውን በማወፈር ነበር፤ በወፍራም ግድግዳ ላይ ደግሞ ትልቅ መስኮት መክፈት ማድከም ስለሆነ ቤቱ ይጨልማል።

ጎጆ ሲዋቀር ያየ ሰው መፍትሔውን በቀላሉ ይረዳዋል። ወጋግራው ቀና ሲል ክብደቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሲጋደም ግን ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። የጎቲክ ግንበኞችም ክቡን ቅስት ትተው ጫፉ የሾለ ቅስት ያዙ፤ የሾለው ቅስት እንደ ቀናው ወጋግራ ነው። ቀጥለው ከጣሪያው ሥር እንደ ጎድን አጥንት የሚተላለፉ የድንጋይ ቅስቶች ዘረጉ። ክብደቱ በነሱ በኩል ተሰብስቦ ወደ ምሰሶዎቹ ብቻ ይሄዳል። አሁንም የሚቀረውን የጎን ግፊት ከውጭ በድጋፍ ያዙት። ያዘመመ ቤት በግንድ ይደገፍ የለ? እነሱም እንዲሁ አደረጉ፤ ልዩነቱ ድጋፉ ድንጋይ መሆኑና ከጎኑ ካሉት ዝቅተኛ ጣሪያዎች በላይ በአየር ላይ ዘልሎ ዋናውን ግድግዳ ትከሻው ላይ መያዙ ነው። የሻርትር ድጋፎች ወፍራምና ደንዳና ናቸው። ግንበኞቹ ገና ድፍረቱን እየተማሩ ስለነበር ከሚያስፈልገው በላይ አጠንክረው ሠሯቸው፤ ኋላ የመጡት አቀጠኗቸው። እኔ ግን ይህን ደንዳናነት እወደዋለሁ። የሚሠራው ሥራ በግልጽ ይታያል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ግድግዳ የሚሸከመው ነገር የለም። ስለዚህ አነሡትና በቦታው መስታወት አስገቡ። ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚታየው ይህ ነው፤ 37 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጣሪያ፣ የላይኛው ግማሹ ሁሉ ብርሃን የሆነ ግድግዳ።

አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስኮት ያዩ ሰዎች መስታወት ምን ዓይነት ሥዕል ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ። የአፈወርቅ ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው። ሻርትር ውስጥ ያለው ከ2,500 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ መስኮቶቹም 176 ያህል ናቸው፤ አብዛኛው ደግሞ የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ እንዳይመስላችሁ። መስታወቱ ሲቀልጥ ከማዕድን ጋር ተዋሕዶ የወጣ ነው፤ ለምሳሌ ሰማያዊው የሚገኘው ከኮባልት ነው። የፊትና የልብስ መስመሮቹ ብቻ በቡናማ ቀለም ተሥለው በምድጃ ይተኮሳሉ፤ ከዚያ ቁርጥራጮቹ በእርሳስ ቅጥልጥል ይያያዛሉ። ከእሳቱ የተረፈችው፣ ፈረንሳዮች «የውቡ መስኮት እመቤታችን» የሚሏት ሥዕል ልጇን ታቅፋ በፈካ ሰማያዊ ልብስ ተቀምጣለች። ከታች ባሉት መስኮቶች ጥግ ላይ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ አናጢው፣ ቆዳ ነጋዴው ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ። በእመቤታችን ቤት ውስጥ ለእጅ ሥራ ይህን ያህል ክብር መሰጠቱ ደጋግሞ ያስገርመኛል።

መስታወቱ እስከ ዛሬ የቆየው በሰዎች ጥንቃቄ ነው። በ1939 ጦርነት ሲያሰጋ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ወደ ደኅና ቦታ ተወሰዱ። በ1944 ኦገስት ደግሞ የአሜሪካ ጦር ጀርመኖች ማማው ላይ አሉ ብሎ ካቴድራሉን በመድፍ ሊመታ ሲል ኮሎኔል ዌልቦርን ግሪፊዝ ራሱ ገብቶ አየ፤ ማንም እንደሌለ አረጋግጦ ትዕዛዙን አስቀረ። በዚያው ቀን በአቅራቢያው ባለ መንደር በተደረገ ውጊያ ሞተ።

በቅርብ ዓመታት የውስጡ ግድግዳ ከዘመናት ጥላሸት ጸድቶ ፈዛዛ ቢጫ ሆኗል። ብዙ የተነቀፈ ሥራ ነው፤ መስታወቱ የሚያምረው በጨለማ ውስጥ ነው የሚሉ አሉ። ግንበኞቹ የፈለጉት ብርሃን ስለነበር በግድግዳው እስማማለሁ። ምእመናን ለረጅም ዘመን «ጥቁሯ እመቤታችን» እያሉ የተሳለሟት የእንጨት ምስል ታጥባና ተቀብታ ነጭ መደረጓ ግን አሳዝኖኛል። ያጠቆራት የሻማ ጢስ ቢሆንም ያ ጥቁረት የጸሎት ዱካ ነበር።

ወደ ሻርትር የሚሄዱ ከሆነ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይያዙ፤ የላይኞቹ ሥዕሎች ያለሱ አይነበቡም። ከፈረንሳዮቹ ዐቢይ ጾም እስከ መኸር ባሉት ዓርቦች ቢደርሱ ወንበሮቹ ተነሥተው በወለሉ ላይ በተነጠፈው፣ ርዝመቱ ከ260 ሜትር በላይ በሆነው ጥምዝምዝ መንገድ ይሄዳሉ። ሳይወጡ ደግሞ ወደ ሰሜኑ በር ይዙሩ። ሰሜኑ የብሉይ ኪዳን ነው፤ መልከ ጼዴቅ ጽዋ ይዞ ቆሟል፤ ከበረንዳው ምሰሶዎች በአንዱ ላይ ታቦተ ጽዮን በሠረገላ ስትጓዝ ተቀርጻለች። በስተቀኝ ባለው መግቢያ ንጉሥ ሰሎሞን አለ፤ ከእግሯ ሥር ጥቁር አገልጋይ ያጎነበሰላት፣ «ክብረ ነገሥት» በግእዝ ከመዘጋጀቱ ቀደም ብላ በፈረንሳይ ድንጋይ የተጠረበችው ንግሥተ ሳባም ከጎኑ ቆማለች።